ከናፍጣው ሥር ያለው ውኃ፦ በታንከር ውስጥ የሁለት ፈሳሾችን ወሰን መለካት

በሶማሌ ክልል ሲቲ ዞን፣ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ የምትገኘው ደወሌ ከጥንቱ የባቡር መስመር ዘመን ጀምሮ የአገሪቱ የገቢ ዕቃ መተላለፊያ ናት። ኢትዮጵያ ከውጭ የምታስገባው ናፍጣ፣ ቤንዚንና ነጭ ጋዝ በአብዛኛው የሚመጣው በጅቡቲ በኩል ነው። ነዳጁ ከመርከብ ወደ ወደብ ማጠራቀሚያ፣ ከወደብ ወደ ቦቴ፣ ከቦቴ ወደ ዴፖ ወይም ወደ ማደያ ይተላለፋል። ከማደያም በበርሜልና በጀሪካን ተጭኖ ወደ ቀበሌው ጀነሬተርና ወደ አርሶ አደሩ የመስኖ ሞተር ይደርሳል። በእያንዳንዱ ቅብብሎሽ ላይ አንድ ያልተጋበዘ እንግዳ ሊገባበት ይችላል፤ እርሱም ውኃ ነው።

ውኃና ናፍጣ በአንድ ዕቃ ውስጥ ሲቀመጡ ውኃው ከታች፣ ናፍጣው ከላይ ይሆናል። በመካከላቸው የሚፈጠረውን ወለል በዚህ ጽሑፍ «ወሰን» ብለን እንጠራዋለን። ታንከሩን ከላይ የሚመለከት ሰው የሚያየው የናፍጣውን የላይኛ ገጽ ብቻ ስለሆነ ሙሉ የመሰለው ታንከር ምን ያህል ናፍጣ፣ ምን ያህል ውኃ እንደያዘ ሊያውቅ አይችልም። ትክክለኛውን መጠን ለማወቅ የላይኛውንም ከፍታ፣ የወሰኑንም ከፍታ መለካት ያስፈልጋል። ለገዢው ይህ የገንዘብ ጉዳይ ነው። ውኃውን በጀነሬተር ከሚሳብ ጉድጓድ ለሚያገኝ ማኅበረሰብ ግን የእንስሳቱ ሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

ለምን ይለያያሉ?

የአንድ ሊትር ውኃ ክብደት 1 ኪሎ ግራም ያህል ነው። የአንድ ሊትር ናፍጣ ክብደት እንደየዓይነቱ ከ820 እስከ 860 ግራም፣ የቤንዚን ደግሞ ከ720 እስከ 775 ግራም ገደማ ነው። ዘይትና ውኃ የማይዋሐዱ በመሆናቸው ከባዱ ይወርዳል፣ ቀላሉ ይንሳፈፋል። የክብደት ልዩነቱ ሰፋ ባለ ቁጥር መለያየቱ ፈጣን ይሆናል፤ ከዚህም የተነሣ ውኃ ከቤንዚን የሚለየው ከናፍጣ ከሚለየው ቀድሞ ነው።

ይሁንና መለያየቱ በቅጽበት የሚፈጸም አይደለም። ቦቴ በኮረኮንች መንገድ ሲጓዝ ወይም ነዳጅ በኃይል ሲገለበጥ ውኃው ወደ ጥቃቅን ጠብታዎች ተሰባብሮ በናፍጣው ውስጥ ይበተናል። ስፋቱ አንድ አሥረኛ ሚሊ ሜትር የሆነ ጠብታ ፀጥ ባለ ናፍጣ ውስጥ አንድ ሜትር ለመውረድ አንድ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። የጠብታው ስፋት በ10 እጥፍ ሲያንስ የመውረጃው ጊዜ በ100 እጥፍ ስለሚረዝም፣ አንድ መቶኛ ሚሊ ሜትር የሆነ ጠብታ ያንኑ ርቀት ለመውረድ አራት ቀን ገደማ ያስፈልገዋል። ገና የተገለበጠ ነዳጅ ወዲያው ተለክቶ ውኃ ባይገኝበት ውኃ የለበትም ለማለት የማያስደፍረው ለዚህ ነው።

ውኃው ከየት ይመጣል?

የመጀመሪያው ምንጭ ዝናብ ነው። በሲቲ ዞንና በአካባቢው በካራን ወቅት፣ ማለትም ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ የሚጥለው ዝናብና ድንገተኛ ጎርፍ በአግባቡ ባልተከደነ የመሬት ውስጥ ታንከር፣ በላላ የመሙያ ክዳን ወይም በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል ይገባል። ቆሞ የሚቀመጥ በርሜል ክዳኑ ላይ የዝናብ ውኃ ያቁራል። ቀን በፀሐይ የሞቀው በርሜል ማታ ሲቀዘቅዝ በውስጡ ያለው አየር ስለሚኮማተር፣ ያቆረውን ውኃ በቡሹ ዙሪያ ባለው ቀጭን ክፍተት ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ሁለተኛው ምንጭ የአየር እርጥበት ነው። ግማሽ ጎደሎ በሆነ ታንከር ውስጥ ያለው አየር ሌሊት ሲቀዘቅዝ በታንከሩ ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሠራል፤ ጤዛውም ወደ ታች ይንጠባጠባል። በአንድ ሌሊት የሚገባው ኢምንት ቢሆንም ለወራት ሳይጸዳ በቆየ ታንከር ውስጥ ይጠራቀማል። ሦስተኛው ምንጭ ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ በርሜል ወይም የቦቴ ክፍል ሲሆን፣ አራተኛው ሆን ተብሎ የሚፈጸም ማጭበርበር ነው።

ጉዳቱ ምንድን ነው?

የናፍጣ ሞተር ፖምፓና ኖዝል የሚሠሩት ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ክፍተት ሲሆን፣ የሚያለሰልሳቸው ራሱ ናፍጣው ነው። ውኃ የማለስለስ አቅም ስለሌለው ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ዝገት ይከተላል፤ በኖዝሉ ጫፍ ላይ በሙቀት በድንገት ወደ እንፋሎትነት የሚለወጥ ውኃም ጫፉን ይጎዳል። ከዚህ በተጨማሪ ጥቃቅን ተሕዋስያን የሚራቡት በወሰኑ ላይ ነው። የሚጠጡት ውኃ ከታች፣ የሚመገቡት ናፍጣ ከላይ ስለሚገኝላቸው ጥቁር ዝልግልግ ነገር እያፈሩ ፊልትሮውን ይደፍናሉ። ፊልትሮ ቶሎ ቶሎ የሚደፈንበት ባለ ሞተር ፊልትሮውን ከመቀያየር አስቀድሞ የታንከሩን ሥር ቢመረምር ይጠቀማል።

በኤረር ወይም በዋቢ ሸበሌ ዳርቻ በሞተር ውኃ ስቦ የሚያለማ አርሶ አደር ሞተሩ ለአንድ ሳምንት ቢቆምበት ሰብሉ ይጠወልጋል። በደረቁ ወራት ከጥልቅ ጉድጓድ ውኃ የሚስብ ጀነሬተር ቢቆም ደግሞ ግመልና ፍየል ይዞ ከሩቅ የመጣው አርብቶ አደር ሌላ የውኃ ቦታ ፍለጋ መጓዝ ይኖርበታል። ለጥገና የሚወጣውን ገንዘብና የሚባክነውን ጊዜ ለማስቀረት ነዳጁን ከመጠቀም በፊት ለመለካት የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ይበቃል።

በዘንግና በአመልካች ቅባት መለካት

ከሁሉም ቀላሉና በስፋት የሚሠራበት መንገድ ባለ ምልክት መለኪያ ዘንግና ውኃ አመልካች ቅባት ነው። ቅባቱ ውኃ ሲነካው ቀለሙን የሚለውጥ፣ ናፍጣ ወይም ቤንዚን ሲነካው ግን የማይለወጥ ነው። አሠራሩ እንደሚከተለው ነው።

1. ነዳጁ ከተገለበጠ በኋላ እንዲረጋ ጊዜ ይሰጠዋል። ቦቴ ወይም በርሜል ከሆነ በደልዳላ ቦታ መቆሙ ይረጋገጣል።

2. የዘንጉ የታችኛው ጫፍ ይደርቃል። ከጫፉ ጀምሮ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ድረስ ቅባቱ በስሱ ይቀባል።

3. ዘንጉ ቀጥ ብሎ፣ ነዳጁን ሳያናውጥ በዝግታ ይወርዳል። ወለሉን ሲነካ ይቆማል።

4. ለቤንዚን 10 ሴኮንድ፣ ለናፍጣ ደግሞ ከግማሽ ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ እዚያው ይቆያል። ናፍጣ በቅባቱ ላይ ስለሚለጠፍ ውኃው ቅባቱን እስኪነካ ትንሽ ይዘገያል።

5. ዘንጉ ይወጣና ቀለሙ የተለወጠበት የላይኛ መስመር ይነበባል። ወሰኑ እርሱ ነው። ነዳጁ ያራሰው የላይኛ መስመር ደግሞ የጠቅላላውን ከፍታ ያሳያል።

6. ልኬቱ ይደገማል። ሁለት ተከታታይ ንባቦች በ3 ሚሊ ሜትር ውስጥ ካልተስማሙ ሦስተኛ መለካት ያስፈልጋል።

የቀለሙ ለውጥ ቀጥ ያለ መስመር ሳይሆን ዝንጉርጉር ነጠብጣብ ከሆነ፣ ውኃው ገና አልረጋም ወይም ከናፍጣው ጋር ተደበላልቋል ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን ጠብቆ እንደገና መለካት ይበጃል። ታንከሩ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ውኃው በዝቅተኛው ጫፍ ስለሚጠራቀም ልኬቱ በዚያ በኩል መወሰድ አለበት። በከፍተኛው ጫፍ ብቻ የለካ ሰው ውኃው እያለ የለም ሊል ይችላል።

በአገራችን ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ እንደተሠራበት ሁሉ፣ ቤንዚን ከኤታኖል ጋር ተቀላቅሎ ሲቀርብ ሁኔታው ይለያል። ኤታኖል ውኃን ወደ ራሱ ስለሚስብ ጥቂት ውኃ በቤንዚኑ ውስጥ ተሟሙቶ ይሰወራል። ውኃው ከመጠን ሲያልፍ ግን ኤታኖሉና ውኃው አብረው ተለይተው ወደ ታች ይወርዳሉ። እንዲህ ያለውን ወሰን ተራው ቅባት በትክክል ላያሳይ ስለሚችል ለኤታኖል ድብልቅ ተብሎ የተዘጋጀ ቅባት መጠቀም ያሻል።

ከፍታውን ወደ ሊትር መለወጥ

ቆሞ ለሚቀመጥ ዕቃ ሒሳቡ ቀላል ነው። የውስጥ ስፋቱ 57 ሴንቲ ሜትር የሆነ የተለመደ በርሜል በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ከፍታ 2 ሊትር ተኩል ያህል ይይዛል። በሥሩ 3 ሴንቲ ሜትር ውኃ ከተገኘ ገዢው ለ7 ሊትር ተኩል ውኃ የናፍጣ ዋጋ ከፍሏል ማለት ነው።

በማደያዎች እንደተለመደው ተጋድሞ ለሚቀበር ክብ ታንከር ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ስፋቱ 2 ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ታንከር እንውሰድ። ጠቅላላ ይዞታው 18,850 ሊትር ያህል ነው። በሥሩ 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ ቢኖር መጠኑ 126 ሊትር ገደማ ይሆናል። የውኃው ከፍታ እጥፍ ሆኖ 10 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ግን መጠኑ 352 ሊትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ወደ ሦስት እጥፍ የተጠጋ ነው። ምክንያቱ የታንከሩ ሥር ጠባብ ሆኖ ወደ መካከል እየሰፋ መሄዱ ነው። በመካከሉ አንድ ሴንቲ ሜትር ብቻ 120 ሊትር ያህል ይይዛል። እያንዳንዱ ታንከር የራሱ የሊትር ሠንጠረዥ የሚያስፈልገውም በዚህ ምክንያት ነው።

በዚሁ ታንከር ጠቅላላው ከፍታ 150 ሴንቲ ሜትር፣ የውኃው ወሰን 10 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጠቅላላው ፈሳሽ 15,160 ሊትር ያህል ነው። ከዚህ ላይ የውኃው 352 ሊትር ሲቀነስ ንጹሑ ናፍጣ 14,808 ሊትር ይሆናል። ርክክብ ሲደረግ ሁለቱም ከፍታዎች ከመገልበጡ በፊትና በኋላ ተለክተው ቢመዘገቡ፣ ውኃው ቀድሞም የነበረ ይሁን ወይም ከቦቴው ጋር የመጣ በመዝገቡ ስለሚለይ በሻጭና በገዢ መካከል ክርክር አይኖርም።

ሙቀትም ሊታሰብ ይገባል። ናፍጣ በአንድ ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጭማሪ ከ10,000 ሊትር 8 ሊትር ያህል ይሰፋል። በቆላው ሙቀት የተጫነ ናፍጣ በደጋ ሲራገፍ ከፍታው ዝቅ ብሎ ቢገኝ ሁልጊዜ ስርቆት ነው ማለት አይቻልም። በአንጻሩ ሙቀቱ ብዙ የማይለዋወጥ የመሬት ውስጥ ታንከር ነዳጅ ሳይጨመርበት የላይኛ ከፍታው ከፍ ካለ፣ ውኃ ከሥሩ እየገባ መሆኑን መጠርጠርና ወሰኑን ወዲያው መለካት ይገባል።

ግልጽ ቱቦ ለምን ያሳስታል?

አንዳንድ ባለ ታንከሮች ከታንከሩ ሥር ግልጽ ቱቦ አውጥተው ከጎኑ በማቆም ከፍታውን ያነባሉ። ዕቃው አንድ ዓይነት ፈሳሽ ብቻ ሲይዝ ይህ ትክክል ነው። ሁለት ፈሳሾች ሲኖሩ ግን ያሳስታል። በታንከሩ ውስጥ 20 ሴንቲ ሜትር ውኃ፣ በላዩም 150 ሴንቲ ሜትር ናፍጣ አለ እንበል፤ ናፍጣው በሊትር 840 ግራም ይመዝን። ከሥር የወጣው ቱቦ በውኃ ብቻ ከተሞላ የሚያሳየው 146 ሴንቲ ሜትር ነው። እውነተኛው ከፍታ ግን 170 ሴንቲ ሜትር ነው። ከባዱ ውኃ አጠር ብሎም ቢሆን ቀላሉን ናፍጣ ስለሚመጥን 24 ሴንቲ ሜትር ይሰወራል። ቱቦው እውነተኛውን ወሰን እንዲያሳይ ከታንከሩ ጋር በውኃው ክፍልም በናፍጣው ክፍልም መገናኘት አለበት።

ይኸው ስሕተት በሒሳብ ሲታይ ደግሞ መለኪያ ይሆናል። የጠቅላላው ከፍታና በሥሩ ያለው ግፊት ከታወቁ ወሰኑን ማስላት ይቻላል። በምሳሌው መሠረት 170 በ0.84 ሲባዛ 142.8 ይሆናል፤ ይህ ከ146 ላይ ሲቀነስ 3.2 ይቀራል፤ 3.2 ለ0.16 ሲካፈል 20 ሴንቲ ሜትር ውኃ ይገኛል። የዘዴው ድክመትም እዚሁ ላይ ይታያል። የሁለቱ ክብደት ልዩነት ትንሽ ስለሆነ በግፊቱ ንባብ ላይ የሚፈጠር የ1 ሴንቲ ሜትር ስሕተት በወሰኑ ላይ ከ6 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ይወጣል። ለአነስተኛ ታንከር ዘንግና ቅባት ከዚህ ይልቅ ይታመናሉ።

በትልልቅ ማጠራቀሚያዎች ያሉ መሣሪያዎች

ዘመናዊ ማደያዎችና ዴፖዎች ክዳን ሳይከፍቱ የሚለኩ መሣሪያዎች ይጠቀማሉ። አንደኛው ሁለት ተንሳፋፊዎች ያሉት ዘንግ ነው። የላይኛው ተንሳፋፊ በናፍጣው ገጽ ላይ ይቆማል። የታችኛው ከናፍጣ የከበደ፣ ከውኃ የቀለለ ሆኖ ስለሚሠራ በናፍጣው ውስጥ ሰጥሞ በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። በዘንጉ ውስጥ ባለ ሽቦ የሚላክ የኤሌክትሪክ ምት በተንሳፋፊዎቹ ማግኔት ላይ ሲደርስ ንዝረት ይፈጥራል፤ ንዝረቱ ተመልሶ እስኪደርስ ከሚፈጀው ጊዜ የሁለቱም ቦታ ይታወቃል። ተንሳፋፊው ራሱ ውፍረት ስላለው በሥሩ ያለውን የመጨረሻ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ውኃ ላያሳይ ይችላል። ስለዚህ መሣሪያ ያለው ማደያም ቢሆን አልፎ አልፎ በዘንግና በቅባት ማረጋገጥ ይኖርበታል።

ሁለተኛው በዘንግ የሚመራ የራዳር ምት ነው። የምቱ ከፊል በነዳጁ ገጽ ላይ ይንጸባረቃል፤ የቀረው ነዳጁን አልፎ በውኃው ላይ ይንጸባረቃል። ነዳጅና ውኃ በኤሌክትሪክ ጠባያቸው በእጅጉ ስለሚለያዩ፣ ይህም በመለኪያው ለነዳጅ 2፣ ለውኃ 80 ገደማ በመሆኑ፣ ከወሰኑ የሚመለሰው ምት ጎልቶ ይታያል። ድብልቁ ወፍራም ከሆነ ግን ወሰኑ ይደበዝዛል፤ መሣሪያውም ይቸገራል።

ይኸው ሥራ በነዳጅ ጉድጓዶች ዘንድም አለ። በክልሉ በኦጋዴን ተፋሰስ በሒላላ በሰኔ 2010 ዓ.ም. የድፍድፍ ነዳጅ የሙከራ ምርት መጀመሩ ይታወሳል። በየትኛውም የነዳጅ ጉድጓድ ድፍድፉ ከውኃና ከጋዝ ጋር ተደባልቆ ሊወጣ ስለሚችል በመለያ ታንከር ውስጥ እንዲረጋ ይደረጋል። ወሰኑ ከመጠን በላይ ከፍ ሲል ውኃ ከነዳጁ ጋር ይሄዳል፤ ከመጠን በላይ ዝቅ ሲል ደግሞ ነዳጅ ከውኃው ጋር ይፈስሳል። ሥራው በትክክል የሚካሄደው ወሰኑ ሳይቋረጥ ሲለካ ነው።

ውኃ ከተገኘ በኋላ

በሥሩ ማፍሰሻ ያለው ታንከር ነዳጁ ከረጋ በኋላ፣ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት፣ ንጹሕ ናፍጣ እስኪመጣ ድረስ ቀስ እያለ ይፈስሳል። ማፍሰሻ የሌለው በርሜል ሥሩን በማይነካ የመሳቢያ ቱቦ ይቀዳል፤ ቱቦው ከወሰኑ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍ ቢል ይመረጣል። የቀረው ወደ ግልጽ ጠርሙስ ተገልብጦ እንዲረጋ ይደረጋል። ጤናማ ናፍጣ ጠርሙሱ ውስጥ ጥርት ያለና አብረቅራቂ ነው፤ ጭጋግ ከታየበት ውኃ አልተለየውም።

የፈሰሰው ውኃ ነዳጅ የነካው ስለሆነ ወደ ብርካ፣ ወደ ጉድጓድ ወይም እንስሳት ወደሚጠጡበት ቦታ ፈጽሞ መደፋት የለበትም። በተለየ ዕቃ ተከድኖ ሊቀመጥ ይገባል። በርሜሎች ከጥላ ሥር፣ ተጋድመው፣ ሁለቱ ቡሾች ጎን ለጎን በአግድም መስመር ላይ ሆነው ቢቀመጡ ዝናብ አያቁሩም፣ አየርም አይስቡም።

በተገዛ ነዳጅ ውስጥ ውኃ የተገኘ እንደሆነ ደረሰኙን መያዝ፣ የልኬቱን ቀንና ሰዓት መመዝገብ፣ ሁለት የታሸጉ የናሙና ጠርሙሶች ማስቀመጥ፣ ከዚያም ለወረዳው ወይም ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት ማመልከት ተገቢ ነው። በአገር አቀፍ ደረጃ ዘርፉን የሚቆጣጠረው የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። ነዳጁ ሞተር ውስጥ ከገባ በኋላ የሚቀርብ አቤቱታ ለማስረዳት ይከብዳል፤ ከመግባቱ በፊት የተወሰደ ልኬትና ናሙና ግን ራሱ ይመሰክራል።

ጥንቃቄ

የነዳጅ ታንከር ክዳን በሚከፈትበት ቦታ ሲጋራ፣ ክብሪት፣ የሞባይል ስልክና የሚሠራ ሞተር ሊኖሩ አይገባም። ነዳጅ በፍጥነት ሲገለበጥ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚፈጥር በትልልቅ ታንከሮች ከመገልበጡ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ ዘንግ ማስገባት አደገኛ ነው። ዘንጉ ብልጭታ ከማይፈጥር ነገር፣ ለምሳሌ ከእንጨት ወይም ከናስ የተሠራ ቢሆን ይመረጣል። ለኪው ነፋሱን ከጀርባው አድርጎ ይቆማል፤ ወደ ክዳኑ አፍ ጎንበስ ብሎ ትነቱን አይተነፍስም። ወደ ነዳጅ ታንከር ውስጥ ለጽዳትም ሆነ ለልኬት ሰው መግባት የለበትም፤ ይህ ሥራ መሣሪያና ሥልጠና ላላቸው ባለሙያዎች ብቻ የተተወ ነው።

ለአንድ ቤተሰብ ወይም ለአንድ የውኃ ኮሚቴ ባለ ምልክት ዘንግ፣ አንድ ቱቦ አመልካች ቅባት፣ ግልጽ ጠርሙስና የመዝገብ ደብተር ይበቃሉ። ነዳጅ በተቀበሉ ቁጥርና ከከባድ ዝናብ በኋላ፣ እንዲሁም ዝናብ ባይኖርም በየሳምንቱ ሁለቱን ከፍታዎች ለክቶ መመዝገብ፣ ውኃው ወደ ሞተሩ ከመድረሱ በፊት እንዲታወቅ ያደርጋል።